እስከ ዘጠኝ ሰዓት

ነሐሴ 1
ፍልሰታ ገባ። ዓይናለም ሰባት ዓመት ስለሞላት ዘንድሮ መጾም ጀመረች። እስከ ስድስት ሰዓት ይበቃታል ብያለሁ... ልጅ አይደለች?
ረፋዱ ላይ ጎረቤቴ ብዙነሽ በአጥር ተጣራች። «የኔዋ ማሬ እስከ ዘጠኝ ነው የምትጾመው! ያንቺዋስ?»
«የኔዋም እስከ ዘጠኝ።»
ከየት አመጣሁት? ዓይናለም አጠገቤ ነበረች። ቀና ብላ አየችኝ።

ነሐሴ 3
ስድስት ሰዓት ሲሆን በር ዘግቼ አበላታለሁ። ዛሬ ተንኳኳ። ብዙነሽ መስላኝ ሳህኑን አልጋ ሥር ከተትኩት። ባሌ ዘውዱ ነው፣ ከመሥሪያ ቤት ለእረፍት መጥቶ።
«ሌባ ነው እንዴ ደብቀሽ የምትቀልቢው?»
ዓይናለም ደግሞ፣ «እማ፣ እግዜር በር ከተዘጋ አያይም?»
«ዝም ብለሽ ብይ!»
ሃይማኖት እያስተማርኩ ነው እንግዲህ።

ነሐሴ 5
አልበላም አለች። ለመንኳት። ተቆጣኋት። አፏን ገጠመች።
«እስከ ዘጠኝ ብለሽ የለ? እኔ ከበላሁ አንቺ ውሸታም ትሆኛለሽ።»
ሳህኑን መልሼ ከደንኩት።

ነሐሴ 7
ሦስተኛ ቀኗ። ቅዳሴ ላይ ጉልበቷ ከዳትና ክንዴ ላይ ወደቀች። ፊቷ አመድ መሰለ። ሴቶቹ ከበቡን። አንዷ ትከሻዬን ሳመችኝ። «ማህፀንሽ ይባረክ! ልጅ ማሳደግ እንዲህ ነው!»
ብዙነሽ ማሬን ጎሸም አደረገቻት። «አየሻት? አንቺ ትነጫነጫለሽ!»
ልጄ ክንዴ ላይ ተዝለፍልፋለች... እኔ ደስ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል! ይቅር ይበለኝ።

ነሐሴ 8
ዓይናለምን ይዤ ወደ ነፍስ አባታችን፣ አባ ይርጋ ዘንድ ሄድኩ።
«አባቴ፣ አልበላ አለችኝ። እስኪ ይገሥጹልኝ።»
«እስከ ዘጠኝ ጹሚ ያላት ማን ነው?»
ሁሉንም ነገርኳቸው። መስቀላቸውን እያገላበጡ ሰሙኝ።
«እሷ እስከ ስድስት ትጹም። አንቺ ለብዙነሽ እውነቱን ንገሪያት።»
«መቶ ስግደት ቢያዙኝስ አባቴ?»
«ስግደቱንማ ጉልበትሽ ለምዶታል።»

ነሐሴ 9
አልነገርኩም። ዓይናለምም አልበላችም። ውኃ ልትቀዳ ስትነሳ ሲያንገዳግዳት አየሁ።
ነገ።

ነሐሴ 10
ነገርኳት። ዓይናለምን በእጄ ይዤ፣ አጥሩ ሥር ቆሜ። «ብዙዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። የኔዋ እስከ ስድስት ነበር።»
 ማሬ ከእናቷ ኋላ ብቅ አለች፣ እንባዋ በጉንጯ። «ዓይናለም ትችላለች እያልሽ አይደል በረሃብ የፈጀሽኝ!»
ለካ እኔ በአንድ ቃል ሁለት ልጅ ነው ያስራብኩት...
ብዙነሽ ወደ ማሬ ዞረች። «ግቢ... ግቢና ብይ» አለቻት። እኔን አላየችኝም።
ዓይናለም ሁለቴ አስጨመረች። እያየኋት እኔ ነኝ የጠገብኩት።

ነሐሴ 14
ከቅዳሴ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር ልጆቹን ጠየቀ። «ንስሐ የገባ ሰው ማንን ታውቃላችሁ?»
አንዱ ዳዊት አለ። አንዷ ጴጥሮስ።
የኔዋ ብድግ አለች። «እናቴ!»
ከአጥሩ ጀምራ እስከ አባ ይርጋ አንድም ሳታስቀር ተረከችው። አልጋ ሥር የገባውን ሳህን ሳይቀር። ትከሻዬን የሳመችው ሴትዮ ነጠላዋን አስተካክላ ፈቀቅ አለች። መሬት አልተከፈተልኝም።
በመንገድ ላይ ዓይናለም እጄን ያዘች። «እማ፣ ጥሩ መለስኩ?»
«ጥሩ መለስሽ።»
ከልቤ ነው መሰለኝ... አዎ፣ ከልቤ ነው።