ተቀያሪ በረኞቼ

እህቴ፣
ከማስቲካ ጋር ይወጡ የነበሩትን የተቀያሪ በረኞች ካርዶቼን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ቆሻሻሽ» ስትያቸው ኖርሽ። ገዢ ሲመጣ ግን አልጋዬ ሥር እንዳሉ ነገርሽው።

ሰውዬው ዛሬ ጠዋት ተመልሶ መጣ። አልሸጥም ስለው በሩን በእግሩ ያዘና «ብቻሽን የምትሆኚበትን ሰዓት አውቃለሁ» አለኝ። በትከሻዬ ገፍቼ ዘጋሁበት። ፊደሌ ድሮም ጠማማ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ቸኩያለሁ።

ሥራ ሄጃለሁ።
ሾርባው ምድጃው ላይ ነው።
በሩን ሁለቴ ቆልፊ፣ ለማንም እንዳትከፍቺ።
ትናንት ስለጮህኩብሽ… ተይው።

ሙጫ የነካው ካርድ ሳንቲም አያወጣም ያለኝ ራሱ ነው። ስለዚህ አንድም ሳላስቀር ሁሉንም ማድቤት ግድግዳው ላይ በሙጫ ለጠፍኳቸው። ከመጣ በመስኮት አሳዪው።