ጥሩ የተባለው ውጤቴ ታግዶ ናሙናዬ እንደገና እንዲነከር

ለሥጋ ናሙና ምርመራ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሐሙስ፣ ጥር 9

ጉዳዩ፦ «ንጹሕ» የተባለው የኩላሊት ናሙናዬ ዳግም ቀለም እንዲነከር ስለመጠየቅ

1. አመልካች በክፍልዎ የሥጋ ናሙና እየቆረጥኩ ቀለም ስነክር ሃያ ስምንት ዓመት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ዛሬ ደግሞ በታናሽ ወንድሜ ኩላሊት የምኖር ታካሚ ነኝ። ሰውነቴ ኩላሊቱን እንደ ባዳ ቆጥሮ እንዳያጠቃው የመከላከል አቅሜን የሚያዳክም መድኃኒት እወስዳለሁ። በዚሁ ምክንያት ሐኪሜ ሰው፣ በተለይ ሕፃናት፣ እንዳይጠጉኝ አዘው አሥራ አራት ወር ሙሉ ከግድግዳ ጋር ሳወራ ከረምኩ። ግድግዳ ደግሞ ወግ አያውቅም።

2. ሰኞ የወጣው የናሙናዬ ውጤት ኩላሊቱን የሚያጠቁ ሕዋሳት አልታዩም ይላል። ሐኪሜም ከመጪው ሳምንት መድኃኒቱ እንደሚቀነስልኝ፣ ቤተሰብም ሊጠይቀኝ እንደሚችል ነገሩኝ። ወንድሜ በስልክ እልል አለ፤ እሱ እልል ሲል ሰምቼው አላውቅም። እሑድ ልጆቹን ይዞ ሊመጣ ተቀጣጠርን።

3. ማክሰኞ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ባልደረቦቼን ላመሰግን መጣሁ። ልማድ ሆኖብኝ ናሙናዬ የተለጠፈበትን መስታወት በማይክሮስኮፕ አየሁት። እውነትም የአጥቂ ሕዋሳት ምልክት የሆነው ቡናማ ነጥብ አንድም የለበትም። ነገር ግን ለማመሳከሪያ አብሮት የተነከረው፣ እነዚያ ሕዋሳት ስለሚበዙበት ሁልጊዜ ቡናማ መሆን ያለበት የቶንሲል ሥጋም ሰማያዊ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ቀለሙ አልያዘም ማለት ነው። ካልያዘ ደግሞ የእኔ «ንጹሕ» ምንም ማስረጃ አይሆንም።

4. ናሙናዬን ለነከረችው ልጅ ብነግራት ክው ብላ፣ «እትዬ፣ በገዛ እጅዎ? ምናለ ዝም ቢሉ!» አለችኝ። አልፈርድባትም፤ እኔም ሁለት ቀን ዝም ብያለሁ። ክቡር ኃላፊ፣ ብቸኝነቱ አንገፍግፎኛል። ምናለ እሑድ እስኪያልፍ እንኳ እውነት በሆነ ብዬ ተመኝቻለሁ። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ መድኃኒቱ በዚህ ውጤት ቢቀነስ የሚጠፋው የእኔ ጤና ብቻ አይደለም፤ የወንድሜም ስጦታ ነው።

5. ስለዚህ ውጤቱ ታግዶ ለሐኪሜ እንዲነገር፣ እንዳይበላሽ በሰም ተደፍኖ ከተቀመጠው ናሙናዬ አዲስ ተቆርጦ እንዲነከር፣ ልጅቷም እንዳትቀጣብኝ በትሕትና እለምናለሁ። በእኔም እጅ ቀለም አልይዝ ያለበት ቀን ነበር።

ለወንድሜ እሑድ እንዳይመጣ ዛሬ ጠዋት ደውዬ ነግሬዋለሁ። ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ጉንፋን ይዞኛል አልኩት። «እኛን መጥላትሽ ነው?» አለኝ። ኩላሊትህን ልጠብቅልህ ብዬ ነው በማለት ፈንታ፣ ስልኩን ዘግቼ ይህን ማመልከቻ ልጽፍ ተቀመጥኩ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የቀድሞ የቀለም ክፍል ባለሙያ