የሰሜኑ ምሰሶ ነፋስ

ኦገስት 9
አዲሱ የአሜሪካን ፉትቦል ዋና አሰልጣኝ ዛሬ መጣ። ኮርዴል ይባላል። ገና ሠላሳ ስድስት ዓመቱ። እኔ እዚህ ኮሌጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምክትል… ወንበሩ ያንተ ነው ሲሉኝ ከርመው።
"ስለ ሜዳው ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?" አለኝ።
"ሜዳ ሜዳ ነው" አልኩት።
እራት ላይ ለኖርማ ነገርኳት። "እሱ ምን አደረገህ?" አለች። ሚስት ናት፣ ትናገር።

ሴፕቴምበር 14
አሸነፍን። ኮርዴል በሰው ፊት "አሰልጣኝ ሃርላን፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?" እያለ ይጠይቀኛል። ያናድደኛል። ለምን? እንጃ።

ኦክቶበር 19
ስድስት አሸንፈን አንድ ተሸንፈናል። ኮርዴል ይዞት የመጣው ኳስ መቺ፣ ወስሊ፣ አንደኛ ዓመት ነው። እስካሁን አንድም አልሳተም። ጎበዝ ልጅ። አልነገርኩትም።

ኖቬምበር 16
እንዴት ብዬ ልጻፈው…
የመጨረሻው ጨዋታ። በሁለት ነጥብ ተመርተናል፣ አራት ሰከንድ ቀርቷል። ወስሊ ኳሷን በሰሜኑ ሁለት ምሰሶዎች መሃል ካሳለፋት ሦስት ነጥብ ነው፣ ዋንጫው የኛ ነው።
ኖቬምበር ሲገባ እዚያ ጋ ነፋሱ ከሜዳው ጀርባ ካለው የእህል ጎተራ ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል። ምሰሶው ጫፍ ላይ ያለው ባንዲራ ወደ ግራ ሲውለበለብ ታች ወደ ቀኝ ይነፍሳል። ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ሣር ነጭቼ በተንኩ። ወደ ቀኝ ሄደ። እጄን ኪሴ ከተትኩ።
ኮርዴል ባንዲራውን አየና "ትንሽ ወደ ቀኝ አድርገህ ምታት" አለው።
ዝም አልኩ። እልህ ምላጭ ያስውጣል…
ኳሷ ከቀኙ ምሰሶ ውጭ ወጣች። የወስሊ እናት ፊተኛው ረድፍ ላይ ቆማ ነበር።
ኮርዴል ለጋዜጠኞች "ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለ።

ኖቬምበር 18
ኮርዴል ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት።
"ሣር ሲበትኑ አይቻለሁ" አለ። "ምንም ሳይሉኝ ሲቀሩ፣ ባንዲራው ልክ ነው ማለት ነው ብዬ አመንኩ።"
ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዲሴምበር 6
ወስሊ ኳስ ትቷል። ወደ ካንሳስ፣ አገሩ ሊመለስ ሻንጣውን መኪና ላይ ሲጭን ደረስኩበት። ነገርኩት። ነፋሱን እያወቅኩ እንደደበቅኩ።
"እኔ እኮ ጥፋቱ የእግሬ ነው ብዬ ነው የተውኩት" አለ።
"ና ላሳይህ።"
ሰሜኑ ምሰሶ ሥር ቆምን። ሣር ነጭቶ በተነ። ወደ ቀኝ። ደገመ። አሁንም ወደ ቀኝ። ሦስተኛ ይነጫል ብዬ ጠበቅሁ… እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወደ መኪናው ሄደ።