የገብስ እርሾ

ደባርቅ፣ መጋቢት 18

ውድ ምሥጋናው፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው እንጂ፣ ዛሬስ ውድነትህ አልታየኝም። በቴሌግራም እንዳልጽፍልህ አውራ ጣት ልከህብኝ ታልፋለህ። ይህን ደብረ ማርቆስ ድረስ ይዞልህ የሚመጣው የመሥሪያ ቤት ጓደኛህ ሃብተ ጊዮርጊስ ነው። አንብበህ ሳትጨርስ ከፊትህ እንዳይነሣ አደራ ብዬዋለሁ።

ሐኪሙ ልጃችን ማህደር ዕድሜ ልኳን ስንዴና ገብስ እንዳትቀምስ ካለ አራት ወር ሆነው። ሥጋውን ደግሞ የምትወደው በግ ከታረደ ወዲህ ራሷ ትታዋለች። ምን ላብላት ብዬ ብጠይቅህ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ላክህልኝ። አንድ አይደለም፣ ዘጠኝ! መዝገበ ቃላት ይዤ በስልኬ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ኪኖዋ ይላል። የአልመንድ ዱቄት ይላል። የኮኮናት ወተት ይላል። አንተ ሰው፣ ተወልደህ ያደግኸው እዚህ አይደለም እንዴ? ደባርቅ ገበያ ላይ ኮኮናት የሚያልብ ሰው አይተህ ታውቃለህ?

በመጨረሻ የደረሰልኝ ገዱ ነው፣ ፓርኩ ውስጥ ለቱሪስት የሚያበስለው። ስንዴም ሥጋም የማይበሉ እንግዶች ስለሚያጋጥሙት ምን እንደሚሠራላቸው በደብተር ይጽፋል። «ሙያ በልብ ነው» ብሎ ይደብቀኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ደብተሩን ሰጥቶኝ እስክገለብጥ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። የሽምብራ ዓሳ፣ ተልባ ፍትፍት፣ ጎመን በድንች፤ የጾም ምግባችን እኮ ነው! «ምግቡን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ እኔ የጨመርኩበት ጥንቃቄ ነው» አለኝ። ማሰሮዋ የብቻዋ፣ ማማሰያዋ የብቻዋ፣ ጤፏም ገብስ ባልነካው ወፍጮ የተፈጨ። እንዳለኝ አደረግሁ። በስድስተኛው ሳምንት የማህደር ጉንጭ ሞላ። ከትምህርት ቤት እየሮጠች ስትመጣ አየኋትና በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ከዚያ እናትህ መጡ። ከተራራው መንደራቸው ከጊች ከወረዱ ወዲህ እህትህ ቤት ነበሩ፤ ሁዳዴን ከእኛ ጋር ሊጾሙ ብለው መጡ። የማህደርን ሊጥ የሌላ ቤት እርሾ ሳላስነካ፣ ከጤፍና ከውኃ ብቻ ነበር የማነሣው። በዚህ ብርድ ደግሞ ቀን ይፈጃል። ትምህርት ቤት ሳስተምር ውዬ ስመለስ «ልጄ፣ ሊጥሽ አልነሣ ቢልሽ አሳዘንሽኝ፤ ከጎረቤት እርሾ ለምኜ ጨመርኩልሽ» ቢሉኝ ኖሮ ደፍቼው ዐርፍ ነበር። አላሉኝም። ውለታ አይነገርም ብለው ዝም አሉ። ጎረቤታችን የምታቦካው ገብስ ነው።

ልጅህ ሦስት ሳምንት ተኛች። ያበላኋት እኔ ነኝ፣ በእጄ እያጎረስኩ። ምን እንደነካት ሳጣራ ሳጣራ እርሾው ወጣ። ድምፄን ከፍ አድርጌ «እማማ፣ ገብስ አይሆናትም ተብሎ የለም ወይ?» አልኳቸው። «ኧረ ልጄ፣ ምሥጋናው እኮ ትንሽ ትንሽ አይጎዳትም ብሎኛል» አሉኝ።

አይጎዳትም! ሐኪሙ ፊት አብረን ተቀምጠን አልነበር? ፍርፋሪም ቢሆን ብሎ ሲያስጠነቅቅ ራስህን አልነቀነቅህም? ለምን ለእናትህ እንዲህ እንዳልካቸው ግን አውቃለሁ፤ አለማወቅን በወደድኩ። ሐኪሙ «በሽታው በዘር ይመጣል፤ በቤተሰባችሁ እንዲህ የታመመ ልጅ ነበር?» ሲል አንተ ጫማህን እያየህ «የለም» አልክ። የትናየትን ረሳሃት? ሆዷ አብጦ፣ ክንዷ ቀጥኖ በሰባት ዓመቷ የሞተች እህትህን? ሳንጋባ የነገርከኝ አንተ ነህ። «እናቴ ጉልበት ይሆናታል እያለች የገብስ ሙቅ በእጇ ታጠጣት ነበር» ያልከኝ አንተ ነህ። እናትህ ያን ሙቅ ከሞቷ ጋር እንዳያያይዙት ፈራህ። ለእናትህ አዘንክና ልጅህን አሳልፈህ ሰጠህ። ያን ቀን ሐኪሙ ፊት እኔም ዝም አልኩ፤ ለዚያ ዝምታዬ ራሴን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

እውነቱን እኔው ነገርኳቸው። በሽታው ምን እንደሆነ፣ ገብስ አንጀቷን እንዴት እንደሚጎዳው፣ በዘር እንደሚመጣ ሁሉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። ከዚያ «የትናየቴስ?» አሉኝ።

«ሙቁን ያጠጣኋት እኔ ነኝ። አልጠጣም ስትለኝ አፍንጫዋን ይዤ ነበር የምግታት። ልጄ፣ እሷም ይኸው ነበረባት?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ እማማ» አልኳቸው። ዓይኔን አዩ፤ እንዳላመኑኝ ገባኝ።

ማህደር ከትናንት ወዲያ ተነሥታ ተቀምጣለች፤ ስለ እሷ አታስብ፣ አለሁላት። እናትህ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ገብስ በአፋቸው አልዞረም። በገብስ አድገው በገብስ ልጅ ያሳደጉ ሰው! ጎረቤት በሶ በጥብጣ ብትሰጣቸው ኩባያውን ይዘው ያዩታል፣ ያዩታል፣ ከዚያ «ጠግቤያለሁ» ብለው ይመልሱላታል። ፋሲካን አትጠብቅ፤ ይህን አንብበህ ስትጨርስ ተነሥና ና። ልጃቸው አንተ ነህ፤ አጠገባቸው ተቀምጠህ የጠየቁኝን አንተው መልስላቸው። ሁለተኛ ከጠየቁኝ እኔ አልዋሻቸውም።

ሕሊና