ምንጣፉ የጠጣው ዘይት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤ ኮምቦልቻ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አባባ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ዓይንዎ ከአምናው ሕክምና ወዲህ እንዴት ነው? ያ በአሰብ መንገድ ሃያ ሁለት ዓመት የጭነት መኪና ፔዳል ሲረግጥ የኖረው ጉልበትዎስ ብርዱን እንዴት ቻለው? እናቴስ ጥርሷን አስነቀለች ወይስ ዛሬም በቅርንፉድ እያባበለችው ነው? የበልጉ ዝናብ ደረሰላችሁ ወይስ እንደ አምናው ደመናውን አሳይቶ ሄደ? ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ እህቴ ሪሀና እንደሆነች አውቃለሁና ለእሷም ሰላምታዬ እዚሁ ላይ ይድረሳት፤ መስመር እየዘለለች እንዳታነብ አደራ። እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። ባለቤቴ ሚስኪም ልጆቹም ደህና ናቸው። ገርጂ ጭቃው ከአሁኑ ጀምሯል፣ ክረምት ሲገባ በምን እንደምንሻገረው አላህ ያውቃል።

የላኩልኝ ደብዳቤ ከአረፋ በፊት ደርሶኛል። ዛሬም የምጽፍልዎ ስለዚያው ስለ መኪናዋ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ የጻፍኩልዎና ዛሬ የምጽፍልዎ አይገጥሙም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታግሠው ይስሙኝ።

ግርማይን ያስታውሱታል። ያ የአዲግራት ልጅ፣ ሚኒባሷን ከእኔ ጋር እየተፈራረቀ ሦስት ዓመት የነዳው። ከንጋት እስከ ቀትር እኔ፣ ከቀትር በኋላ እሱ፣ ከመገናኛ ገርጂ እንመላለሳለን። አምና ለዓይንዎ ሲመጡም በየቀጠሮው ሐኪም ቤት ያደረስዎት እሱ ነበር።

የካቲት ላይ ፍሪሲዮኑ መበላሸት ጀመረ። ግርማይ ማርሽ ሲያስገባ ካምቢዮው ይንገጫገጫል፣ ተሳፋሪው ሁሉ ጥርሱን ይነክሳል። ፔዳሉ ላላ ይላል፣ መሬት ደርሶም ቶሎ አይመለስም አለኝ። እኔ ስነዳ ግን ምንም የለም። እግሬ ሥር ፔዳሉ ደህና ነው፣ ማርሹም ሳይጮህ ይገባል። ፍሪሲዮኑን የሚገፋውን የፍሬን ዘይት ሳየው ትንሽ ጎድሎ ነበርና ሞላሁት። የሚያፈስ ከሆነ ብዬ ከመኪናዋ ሥር ገብቼ ባየው አንዲት ጠብታ የለችም። ሞተሩም ዙሪያው ደረቅ ነው። ዘይት ካልፈሰሰ፣ እኔ ስነዳም ካልጮኸ፣ ነገሩ የሰውየው እግር ነው አልኩ። ፍሪሲዮን ላይ እግሩን አሳርፎ እየነዳ የፍሪሲዮኑን ሸራ አቃጥሎታል ብዬ ለራሴ ፈረድኩ፣ ለእርስዎም እንዲሁ ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ቀን ደግሞ መገናኛ ተራ ይዞ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረግጦ ቆሞ ሳለ መኪናዋ በራሷ ተንፏቃ የፊተኛውን ታክሲ መብራት ሰበረች። ግርማይ እግሬን አላነሳሁም፣ ረግጬ እንደያዝኩ ነው የሄደችው ብሎ ማለ። ማንም አላመነውም። እኔም አላመንኩትም።

የእርስዎ ደብዳቤ የደረሰው በዚያው ሳምንት ነው። መኪና አይዋሽም፣ የሚዋሸው ሰው ነው፤ አንተ ስትነዳ የማይጮህ ማርሽ እሱ ሲነዳ ከጮኸ ጥፋቱ የእግሩ ነውና ሳታቅማማ አሰናብተው ብለውኝ ነበር። አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ደስ አለኝ። ይሉኝታ ይዞኝ እንጂ ልቤ አስቀድሞ ቆርጦ ነበር። እናም በበዓሉ ማግስት እዚያው መገናኛ፣ ሹፌሩ ሁሉ ተራ እየጠበቀ በቆመበት፣ ደብዳቤዎን አውጥቼ ለግርማይ አነበብኩለት። አንብቤ ስጨርስ እጄን ዘረጋሁና ቁልፉን ተቀበልኩት። ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አንስቶ፣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ በኮተቤ መንገድ ሄደ።

በሰው ፊት ቁልፍ የተቀማ ሹፌር ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ከዚያ ወዲህ ከመገናኛ የሚነሳ ባለ መኪና ሁሉ ፊቱን አዞረበት። ስሜ እየተጠራ፣ ሃይደር ያባረረውን ማን ይቀጥራል እየተባለ፣ ልጁ ቦሌ ቪላ ቤት በሚሠራበት ቦታ ሲሚንቶ ተሸካሚ ሆነ። ይህን የሰማሁት ግን ዘግይቼ ነው።

እሱን ካሰናበትኩ በኋላ ተቃጥሏል ያልኩትን ሸራ ለማስቀየር ገርጂ ካለ አንድ ጋራዥ ገባሁ። የጋራዡ ባለቤት አቶ ዘርአጽዮን ይባላሉ፣ እንደ እርስዎ ጥቂት የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ ፔዳሉን ልየው አሉኝ። ምኑ ይታያል፣ ያቃጠለውን ሰው አውቀዋለሁ፣ ይልቅ ካምቢዮውን ያውርዱልኝ ብዬ ሙጭጭ አልኩ። እሳቸውም እሺ የመኪናው ጌታ አንተ ነህ ብለው አወረዱት። ሸራው ወጣ። አባባ፣ ሸራው ገና ልጅ ነበር። ቢያንስ ሁለት ዓመት ያሠራል። ሰውየው በመዳፋቸው አበስ አድርገው እጄ ላይ አስቀመጡልኝና ይኸው ያቃጠለው ሰው አሉኝ።

ካምቢዮው ተመልሶ ከታሰረ በኋላ አቶ ዘርአጽዮን የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡና ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉን አንድ ጊዜ ብቻ ረገጡትና ሳይለቁ ያዙት። ዝም ብለው ያዙት፣ ቆጥሬ ሃያ ስደርስ ፔዳሉ ከእግራቸው ሥር ቀስ እያለ ወደ ታች ሰመጠ። ከዚያ ለቀቁትና ቶሎ ቶሎ ሁለቴ ሦስቴ ሲረግጡት እንደገና ጠነከረ። አንተ እንዴት ነው የምትረግጠው ብለው ጠየቁኝ። አባቴ እንዳስተማረኝ ሁለቴ ነው አልኳቸው። ስትቆምስ አሉኝ። ስቆም ማርሽ አወጣለሁ፣ ፍሪሲዮን ረግጬ አልቆምም አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ፍሪሲዮንን ሁለቴ ሳትረግጥ ማርሽ አትንካ፣ ማርሽ ሳታወጣ አትቁም ብለው ከትልቁ መኪና ላይ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ዘይቱን ወደ ፍሪሲዮኑ የሚገፋው ፖምፓ ከደከመ አንዴ ሲረግጡት ባዶ ነው፣ ሁለቴ ሲረግጡት ግን ጉልበት ያገኛል። እኔ ሳላውቀው በየማርሹ ድካሙን እሸፍንለት ነበር። ግርማይ እንደማንኛውም የሚኒባስ ሹፌር አንዴ ይረግጣል፣ ተራ ሲይዝም ረግጦ ይቆማል። መኪናዋ ሕመሟን የነገረችው ለእሱ ብቻ ነበር፣ እኔ ደግሞ የሰማውን ሰው ሐሰተኛ አልኩት።

ታዲያ ዘይቱ የት ሄደ ይሉኛል። እናቴ የበግ ፀጉር ፈትላ ያሠራችልኝን ምንጣፍ ያስታውሳሉ፣ ታኅሣሥ ላይ በአውቶቡስ የላካችሁልኝን። ለመኪናው ወለል ይሁን ብላ ነበር። የተሳፋሪ ጭቃማ እግር አይረግጠውም ብዬ ከሹፌሩ እግር ሥር አነጠፍኩት። ቢሰፋ ሚስኪ እንቁረጠው አለች፣ የእናቴን እጅ ሥራ መቀስ አይነካውም ብዬ ተቆጣኋት። ሁለት እጥፍ አድርጌ ከፔዳሎቹ ኋላ እስከ ግድግዳው ሰገሰግኩት። ጠዋት ጠዋት በመጥረጊያ እጠርገዋለሁ፣ አንድ ቀን ግን አንስቼው አላውቅም። ግርማይማ ጭራሽ አይነካውም፣ ጫማውን ከደጅ አራግፎ ነበር የሚገባ። አቶ ዘርአጽዮን ጫፉን ይዘው ሲገልጡት የታችኛው እጥፍ በፍሬን ዘይት ርሶ ጠቁሯል። የላይኛው ፖምፓ ውስጥ ያለችው ጎሚኒ ተበልታ፣ ዘይቱ በፔዳሉ ዘንግ እየተንጠባጠበ ወደ ውስጥ ይወርዳል፣ ምንጣፉም ሦስት ወር ሙሉ ጠጥቶታል። ከመኪናዋ ሥር ጠብታ የፈለግሁት በከንቱ ነበር።

የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ላስቲክ ናት። እሷን ቀየሩ። ከዚያ የገባውን አየር ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋልና እኔ ወንበሩ ላይ ሆንኩ፣ እሳቸው ከሥር ተኙ። ጫን ሲሉኝ እጫናለሁ፣ ያዝ ሲሉኝ እይዛለሁ፣ እሳቸው ቡሎኗን ፈታ አድርገው አየሩን ከለቀቁ በኋላ መልሰው ያስሯታል። ከላይ ያለው ከሥር ያለውን አያየውም፣ ድምፁን ብቻ አምኖ ይሠራል። እዚያ ተቀምጬ ስለ ግርማይ አሰብኩ። ሦስት ወር ሙሉ ፔዳሉ ላላ ይላል ሲለኝ አንድ ቀን እንኳ በእሱ ወንበር ተቀምጬ በእሱ አረጋገጥ ልሞክረው አላልኩም። አፈርኩ፣ አባባ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ መገናኛ ሄጄ፣ ደብዳቤውን ያነበብኩበት ቦታ ቆሜ፣ ለሹፌሮቹ ሁሉ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። የሳቀብኝም አለ፣ ትከሻዬን የመታኝም አለ። ከዚያ ቁልፉን ይዤ ቦሌ፣ ግርማይ ሲሚንቶ ከሚሸከምበት ሄድኩ። ፊቱ በሲሚንቶው አቧራ ነጭ ሆኖ ነበር፣ ሲያየኝ ሸክሙን አላወረደም። አውርዶ እስኪመለስ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኩት። ይቅር በለኝ ብዬ ጉልበቱን ልይዝ ስል ክንዴን ይዞ አነሳኝ።

የመለሰልኝን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልዎ። አንተን ይቅር ብዬሃለሁ፣ አንተ ጓደኛዬ ነህ፣ ጓደኛ ይሳሳታል አለኝ። ግን አባትህ፣ ከሐኪም ቤት ስመልሳቸው፣ እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው ልጄ ብለውኝ ነበር፤ እኔ አባቴን በሕፃንነቴ ነው ያጣሁት፤ እሳቸው ልጄ ብለው መርቀውኝ ሳለ ምን ሆነህ ነው ብለው ሳይጠይቁኝ አሰናብተው ብለው ጻፉ፤ ከቁልፉ ይልቅ የከበደኝ ያ ነው አለኝ። ቁልፉን አልተቀበለኝም። ከእሳቸው ቃል ሳይመጣልኝ በዚያች መኪና አልቀመጥም ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አባባ፣ በሰፈራችን የተጣላ ሁሉ እርስዎ ደጃፍ ይመጣል። ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ የቀረበልዎን ውሃ እንኳ እንደማይቀምሱ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። በግርማይ ላይ በአንድ ወገን ቃል ያስፈረድኩዎ እኔ ነኝ። የላክሁልዎ የእኔን ወገን ብቻ ነበር፣ ልጄ አይዋሸኝም ብለው አመኑኝ። አባት ለልጁ እኩያ ይቅርታ ሲጽፍ በአገራችን አልተለመደም። እኔም ይህን መጠየቅ ድፍረት መሆኑን አውቄ፣ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ነገር ግን ልጁ ሲሚንቶ ይሸከማል፣ መኪናዋም ከቀትር በኋላ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ሌላ ሹፌር መቅጠር አልፈልግም። እርስዎም በዕድሜዎ የሰው ዕዳ ይዘው እንዲያድሩ አልፈልግም።

እናቴን ስለ ምንጣፉ አትዘኚ ይበሉልኝ። ሚስኪ ሦስት ጊዜ በሳሙና አጥባዋለች፣ ሽታው ግን አልለቀቀም። ምንጣፉ ጥፋት የለበትም፣ ያለ ቦታው ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። ሪሀናን፣ ስታነቢ ያለቀስሽ እንደሆነ አባባ እንዳያዩሽ በሉልኝ። አጎቴን ሙነወርን፣ ጎረቤታችንን እትዬ ሸምሲያን፣ የመስጊዱን ጀመዓ ሁሉ ሰላም በሉልኝ። ሚስኪና ልጆቹ እጅዎን ይስማሉ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። የሚጽፉትን ቃል፣ ሁለት መስመርም ቢሆን፣ በሪሀና አስጽፈው በፖስታው ላይ የግርማይን ስም ያኑሩበት፣ የእኔን አይደለም። የፊተኛውን ደብዳቤ እኔ በሰው ፊት አንብቤበታለሁ። ይህኛውን ሳልከፍት ወስጄ በእጁ አስረክበውና፣ ብቻውን እንዲያነበው ዞር እልለታለሁ።

ልጅዎ ሃይደር
ገርጂ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 14 ቀን 1988 ዓ.ም.