የግራ ጫማህ ጭቃ

ውድ ወንድምዓለም፣

ጀርሞቼ ሠሩ። ከማንም በፊት ለአንተ የሚነገር ወሬ ስለሆነ፣ እንደማይደርስህ እያወቅሁም እጽፍልሃለሁ።

«ሰው ከብት ያረባል፣ የኔ እህት ጀርም ታረባለች» እያልክ በጓደኞችህ ፊት ስታሳፍረኝ ትዝ ይልሃል? ያኔ እንዴት እበሽቅ ነበር! አሁን እንደዚያ የሚያበሽቀኝ አጣሁ።

ቤታችን እንደተውከው ነው። ቦት ጫማህ ከበሩ ጀርባ ቆሟል። ካረፍክ ወዲህ እማዬ ወለሉን ስትወለውል ዙሪያውን ታልፈዋለች እንጂ አትነካውም። ከፋብሪካው ጓሮ ያመጣኸው ጭቃም ደርቆ እንደተጣበቀበት ነው። አንተ የበር እጀታና የቧንቧ አፍ ክሮም ውስጥ እየነከርክ ስታብለጨልጭ፣ እጣቢው እዚያ ጓሮ ጉድጓድ ይጠራቀምና ወደ ወንዙ ይወርድ ነበር። ጉድጓዱ ሲሞላ ገብታችሁ የምትዝቁትም እናንተው ነበራችሁ።

አሁን የምሠራው የፋብሪካዎች ፍሳሽ የሚጣራበት ቦታ ነው። የክሮሙን መርዝ እንዲያከሽፉልን ተገዝተው የመጡት ባክቴሪያዎች ክሮሙ ቢጫ ያደረገው ውሃ ውስጥ በገቡ ቁጥር እያለቁ አስቸገሩን። አለቃችን «መርዙን የለመዱትን ነው የምንፈልገው፤ ከዚያ ከድሮው ጉድጓድ ጭቃ ብናገኝ ኖሮ» አለ። ያንተ ፋብሪካ ግን ፈርሷል፤ ጉድጓዱም በሲሚንቶ ተደፍኗል። ሁሉም አንገቱን ደፋ። እኔ ጭቃው የት እንዳለ አውቅ ነበር።

ቤት ገብቼ ከጫማህ ፊት ቁጭ አልኩ። እማዬ አየችኝ።

«ከልጄ ጫማ ምን ፈለግሽ?»

ነገርኳት። በዓይን የማይታዩ ጀርሞች ጭቃው ውስጥ ሊኖሩ እንደሚችሉ፣ ከተገኙም ውሃውን እንደሚያድኑልን አስረዳኋት።

«ልጄን የጨረሰውን ነገር ይበሉታል ነው የምትዪኝ?»

«አይበሉትም እማዬ፤ እነሱ የሚበሉት ስኳር ነው። መርዙን ግን ለውጠው ታች ያዘቅጡታል።»

«ልጄ ያልቻለውን እነሱ እንዴት ቻሉት?»

ያን ሁሉ ተምሬ የምመልስላት አጣሁ። እሷ ግን ወደ ጓዳ ገብታ ማንኪያ ይዛ መጣች።

«የግራውን ብቻ። ቀኙን እንዳትነኪብኝ።»

ማንኪያውን ልቀበላት ብል እጄን መለሰችው። ራሷ እየፋቀች ከቦርሳዬ ባወጣሁት ብልቃጥ ውስጥ ጨመረችው። እሷ አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። «ዞር በይ፣ እንባሽ እንዳይገባበት» ብላ ተቆጣችኝ።

ነቁልን፣ ወንድምዓለም! ሙቀትና የስኳር ተረፈ ምርት የሆነውን ሞላሰስ ሲያገኙ መብላት ጀመሩ። ቢጫው ውሃ ቀስ በቀስ ጠርቶ አረንጓዴ ዝቃጭ ታች ቀረ። አለቃችን ያ ሁሉ ኩራቱ ጠፍቶ እንደ ልጅ ዘለለ። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

እማዬ አሁን ከሥራ ስመለስ በር ላይ የምትጠይቀኝ «በሉ?» ብላ ነው። «ጠግበዋል» እላታለሁ። የግራ ጫማህንም አጥባዋለች። አንዱ ንጹሕ፣ አንዱ ጭቃ እንደለበሰ ጎን ለጎን ቆመዋል።

«እነሱ እንዴት ቻሉት?» ላለችው መልሱን አሁን አውቀዋለሁ። ለእሷ መንገር ስላቃተኝ ነው ለአንተ የምጽፈው። ጀርሞቹ ሲከፋባቸው ሥራ ያቆማሉ። ራሳቸውን ጠቅልለው ይተኛሉ፣ ደህና ቀን ሲመጣ ይነሳሉ። ጫማህ ላይ ያን ሁሉ ጊዜ በሕይወት የቆዩት ተኝተው ነው። አንተ ግን እየነሰረህም ሄድክ፤ ሳል ደረትህን እየሰነጠቀውም ሄድክ። «ኧረ በናትህ አንድ ቀን እንኳ እረፍ» ስልህ «መጀመሪያ አንቺ ትምህርትሽን ጨርሺ፤ ከዚያ እንደ ልቤ እተኛለሁ» ትለኝ ነበር።

ይህን ለእማዬ ብነግራት «ታዲያ ልጄ ለምን አላረፈም?» ማለቷ አይቀርም። መልሱን ስለማውቅ ነው የምፈራው።

ቀኙን ጫማህን እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም አይነካውም። ትምህርቴንም ጨርሻለሁ፣ ወንድሜ። በል አሁን ተኛ።

ጀርም አርቢዋ እህትህ