የፊያሜታ ቅምቅማት

ኦርኔላ፣

የባቄላ ሾርባው ምድጃው ላይ ነው። ጨው ረስቻለሁ፣ አንቺው ጨምሪበት።
እኔ ቀሚሱን ይዤ ወደ በዓሉ ሰልፍ ሄጃለሁ።

አዎ፣ ሳልጠይቅሽ ነው ለጎረቤት ልጅ ለሊቪያ የሰጠሁት። በሰልፉ ላይ የመስፍን ልጅ ሆነው የሚወጡ ልጆች ቀሚስ ከታች ታጥፎ የሚሰፋው ግን ለሚቀጥለው ልጅ እንዲረዝም ነው። ልጅሽ ፊያሜታ ካረፈች ወዲህ ከሳጥን አልወጣም።

ሊቪያ ለክታው "አክስቴ ዲርቼ፣ ቁርጭምጭሚቴ ታየ። የመስፍን ልጅ ሳይሆን የዶሮ ጠባቂ መሰልኩ" አለችኝ።
እውነቷን ነው።

ቅምቅማቱን በየማታው እፈታዋለሁ፤ ጠዋት በፊያሜታ ልክ ተመልሶ ተሰፍቶ አገኘዋለሁ። አንቺ ነሽ ብዬ ዝም አልኩ። አንቺም ዝም። ቤታችን ገዳም ሆነ።

ትናንት ግን ሉካ ከተማ፣ እህትሽ ዘንድ አደርሽ።
ዛሬም ተሰፍቶ አገኘሁት።

ስፌቱን ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት። ሰፋፊ ነው፣ ወደ ጎን ያዘመመ፣ ጫፉ ላይ ሁለቴ የተቋጠረ። እንዲህ አድርጋ እንድትቋጥር ያስተማርኳት እኔ ነኝ።
አንቺን በመጠርጠሬ... ይሁን።

ስለዚህ አልፈታሁትም። ከተረፈው ቀይ ከፈይ ቆርጬ ከሥሩ ቀጠልኩበት፤ ለሊቪያ ደረሳት። የፊያሜታ ስፌት ከበላዩ እንዳለ ነው፣ አንዲት ክር አልነካሁም።

ከበሮውን ስትሰሚ መስኮቱን ክፈቺ። በእኛ በር ነው የሚያልፉት።

ጠረጴዛው ላይ ክር ያስገባሁበት መርፌ አለ። አታንሺው።
ክር ማስገባት ሁልጊዜ ያስቸግራት ነበር።

ዲርቼ